ደጋፊ የሚተነብየው ያለፈውን ነው

በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ላይ፣ የሰሜኑ ብርድ ገና ሳይለቅ፣ የአሜሪካ ቤዝቦል ቡድኖች ለልምምድ ወደ ፍሎሪዳና ወደ አሪዞና ይወርዳሉ። ደጋፊውም በዚያው ሰሞን የራሱን ሥራ ይጀምራል። ቡድናችን ዘንድሮ ስንት ጨዋታ ያሸንፋል? ስንተኛ ይወጣል? አዲሱ ኳስ ወርዋሪ ክንዱ ይበረታለታል ወይስ ጁላይ ሳይደርስ ይጎዳል? ጥያቄው በቡና ቤት፣ በሥራ ቦታ፣ በቤተሰብ ማዕድ ላይ ይነሣል፤ መልስ የሌለው ሰውም የለም። ይህ ልማድ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው። ብዙዎች ግምቱን የሚመዝኑት ሰመረ ወይስ ከሸፈ በማለት ነው፤ በዚህ ሚዛን ከታየ ደጋፊው ደካማ ተንባይ ነው። እኔ ግን ሚዛኑ ራሱ የተሳሳተ ይመስለኛል። ደጋፊው ስለ መጪዎቹ ወራት የሚያወራ ቢመስልም የሚያወራው ስላለፉት ዓመታት ነው። አንድ ከተማ ቡድኑ ምን ይገጥመዋል ብሎ እንደሚያስብ ያወቀ ሰው፣ ያ ከተማ ከዚህ ቀደም ምን እንደደረሰበት ያውቃል። ስለዚህ የደጋፊውን ግምት እንደ ታሪክ ሰነድ ልናነበው ይገባል፤ እንደ ማንኛውም ሰነድ ደግሞ ሊያሳስት እንደሚችል ሳንረሳ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤዝቦል ለግምት የተመቸ ጨዋታ ነው፤ አንዱ ምክንያት የውድድሩ ርዝመት ነው። ሁለቱ ታላላቅ ሊጎች፣ ናሽናል ሊግና አሜሪካን ሊግ፣ ከ1904 አንስቶ በአብዛኛው ለእያንዳንዱ ቡድን በዓመት 154 ጨዋታ ይመድቡ ነበር፤ አሜሪካን ሊግ በ1961፣ ናሽናል ሊግ በ1962 ቁጥሩን ወደ 162 ከፍ አደረጉት። በዚህ ሁሉ ጨዋታ ውስጥ ሳይሸነፍ የሚዘልቅ ቡድን የለም። ሲያትል በ2001 ዓ.ም. 116 ጊዜ አሸንፎ የምንጊዜውን ክብረ ወሰን ሲጋራ 46 ጊዜ ተሸንፏል፤ ወርልድ ሲሪስ ለሚባለው የፍጻሜ ውድድርም አልደረሰም። ቺካጎ ዋይት ሶክስ በ2024 121 ጊዜ ተሸንፎ የዘመናዊውን ቤዝቦል መጥፎ ክብረ ወሰን ሲይዝ እንኳ 41 ጊዜ አሸንፏል። ስለዚህ ደጋፊው "እናሸንፋለን" ብሎ ብቻ አያልፍም፤ ስንት ብሎ መቁጠር አለበት። ሁለተኛው ምክንያት የተጫዋቾች ውል ነበር። ለረጅም ዘመን አንድ ተጫዋች ውሉ ቢያልቅም የቡድኑ ባለቤት ካልለቀቀው ወደ ሌላ ቡድን መሄድ አይችልም ነበር። ያምናውን ቡድን ያወቀ የዘንድሮውን አወቀ ማለት ነው። ኒውዮርክ ያንኪስ ከ1921 እስከ 1964 ባሉት 44 ዓመታት 29 ጊዜ የአሜሪካን ሊግ አሸናፊ ሆኗል፤ በዚያ ዘመን ያንኪስ ያሸንፋል ለማለት ድፍረት አያስፈልግም ነበር።

ከዚያ ሕጉ ተለወጠ። በ1965 አዳዲስ ወጣቶችን ደካሞቹ ቡድኖች ቀድመው የሚመርጡበት ሥርዓት መጣ፤ በ1975 መጨረሻ ገላጋይ ዳኛው ፒተር ሳይትዝ በሰጠው ውሳኔ ተጫዋቾች ከባለቤቶች እጅ ወጡ። ከ1978 እስከ 1987 ባሉት አሥር ዓመታት አሥር የተለያዩ ቡድኖች ወርልድ ሲሪስን በሉ። እንግዲህ ደጋፊው የሚገምተው ዛሬ ያለውን አቅም አይቶ ቢሆን ኖሮ፣ ለረጅም ዘመን ሲረገጡ የኖሩ ከተሞች በእነዚህ ዓመታት ተስፋቸው መለምለም ነበረበት። በቦስተን የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ሜዳው ለሁሉም በተከፈተበት በዚያው ዘመን የከተማው ግምት ጨለመ። ወደ ቦስተን ከመሄዴ በፊት ግን ብሩክሊን ይቅደም፤ የዚህ ልማድ ጥርት ያለ መልክ የሚታየው እዚያ ነው።

በ1934 መጀመሪያ ላይ የኒውዮርክ ጃያንትስ አሠልጣኝና ተጫዋች ቢል ቴሪ ስለ መጪው ውድድር በጋዜጠኞች ተጠየቀ። ቡድኑ ያለፈው ዓመት የወርልድ ሲሪስ አሸናፊ ነበር። ስለ ጎረቤቱ ስለ ብሩክሊን ዶጀርስ ሲጠየቅ ለመሆኑ ብሩክሊን እስካሁን ሊጉ ውስጥ አለ ወይ ብሎ መለሰ። ንግግሩ ብሩክሊንን አንገበገበ። ሴፕቴምበር ሲያልቅ ጃያንትስና ሴንት ሉዊስ እኩል ሆነው ሁለት ጨዋታ ቀራቸው፤ ጃያንትስ ሁለቱንም የሚጫወቱት በገዛ ሜዳቸው ከብሩክሊን ጋር ነበር። ሴፕቴምበር 29 ተሸነፉ፤ በማግሥቱም ተሸነፉ፤ ሻምፒዮናውን ሴንት ሉዊስ ወሰደ። አሁን ግምትን በውጤት ብቻ የሚመዝን ሰው ይህን ያስብ፤ ብሩክሊን በ1933 ስድስተኛ ነበር፣ በ1934ም ስድስተኛ ወጣ። በቁጥር ከሄድን ቴሪ ልክ ነበር። ከብሩክሊን ሰው ግን ቴሪ ልክ ነበር የሚል አልተገኘም፤ ትክክልም ነበሩ፤ የዚያ ዓመት ቁም ነገር ለእነሱ ስድስተኛነታቸው ሳይሆን እነዚያ ሁለት ቀናት ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ብሩክሊን በረታ፣ ሽንፈቱም ከበፊቱ የመረረ ሆነ። ዶጀርስ በ1941 የሊጋቸው አሸናፊ ሆነው ወርልድ ሲሪስ ደረሱ፤ ያንኪስ አሸነፏቸው። በ1947፣ ጃኪ ሮቢንሰን በነጮች ብቻ ተይዞ የኖረውን ሊግ አጥር በሰበረበት ዓመት፣ እንደገና ደረሱ፤ እንደገና ያንኪስ። በ1949፣ በ1952፣ በ1953፤ አሁንም ያንኪስ። መሐል ላይ በ1951 ኦገስት ውስጥ ከ13 ጨዋታ በላይ ሲመሩ ቆይተው ጃያንትስ ደረሱባቸው፣ ኦክቶበር 3 ቀን በጃያንትሱ ቦቢ ቶምሰን አንድ ምት ተባረሩ። በየዓመቱ መጨረሻ የብሩክሊን ሰው አንድ ነገር ይል ነበር፦ ቆይ ለከርሞ! ይህን መጽናኛ ብቻ ነው የሚል ሊኖር ይችላል፤ ተሸናፊ ሁሉ የሚለው ነው፣ ምኑ ግምት ነው ይላል። መልሴ ይህ ነው። በመጨረሻው እርከን የሚኖር ቡድን ደጋፊ እንዲህ አይልም፤ ቢል የሚሰማው የለም። "ቆይ ለከርሞ" ክብደት ያገኘው ሮቢንሰን፣ ፒ ዊ ሪስ፣ ዱክ ስናይደር፣ ሮይ ካምፓኔላ፣ ጊል ሆጅስ ዓመት ካመት እዚያው ስለነበሩና ቡድኑም በሩ ላይ ደርሶ ስለሚመለስ ነው። ሰዎቹ ከአምስት ወር በኋላ ሳይሆን ገና በኦክቶበር የሚተነብዩት መረጃቸው ሙሉ ስለነበረ ነው፤ መረጃቸውም የራሳቸው ቁስል ነበር።

1955 መጣ። ዶጀርስ የመጀመሪያዎቹን አሥር ጨዋታዎች በተከታታይ አሸንፈው ጀመሩ፤ ኦክቶበር 4 ቀን በያንኪ ስታዲየም ሰባተኛው ጨዋታ ላይ ደረሱ። ስድስተኛው ዙር ላይ ብሩክሊን 2 ለ 0 ይመራል፤ ያንኪስ ሁለት ሰው ቤዝ ላይ አስቀምጧል። ዮጊ ቤራ የመታው ኳስ በግራው መስመር አጠገብ ወደ ጥግ በረረ። በግራ ሜዳ የቆመው ኩባዊው ሳንዲ አሞሮስ ነበር፤ እዚያ የተሠለፈው በዚያው ዙር ነው። ከእሱ በፊት እዚያ የነበረው ጁኒየር ጊሊያም የሚወረውረው በቀኝ እጁ ስለሆነ ጓንቱን በግራው ያጠልቃል፤ ግራኙ አሞሮስ ግን ጓንቱ በቀኝ እጁ ላይ ነው። ሮጦ፣ ሮጦ፣ ያንን ቀኝ እጁን ዘርግቶ ኳሱን ቀለበው፤ ወዲያው መልሶ ወርውሮ ከመጀመሪያው ቤዝ ርቆ የነበረው ጊል ማክዱገልድ ጭምር እንዲወጣ አደረገ። ሃያ ሦስት ዓመቱን ገና የደፈነው ጆኒ ፖድረስ ጨዋታውን ያለ ነጥብ ጨረሰ። በኤፕሪል ወር ይህን ማን ሊገምት ይችል ነበር? ጓንቱ በየትኛው እጅ ላይ እንደሚሆን የሚያሰላ የለም። ግምቱ በ1955 የሰመረው ማንም ባላሰበው መንገድ ነው፤ ለዚህ ነው የግምትን መሳካት እንደ ዋና መለኪያ መውሰድ የማይገባን። የሰፈሩ ጋዜጣ ብሩክሊን ኢግል እንኳ ድሉን አልዘገበም፤ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ተዘግቶ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የ1957 ውድድር ሲያልቅ፣ ባለቤቱ ዋልተር ኦማሊ ቡድኑን ወደ ሎስ አንጀለስ ወሰደው። ትዝታው በብሩክሊን ቀረ፤ የሚተነበይለት ግን አልነበረም።

ቦስተን ሌላ ዓይነት ትምህርት አለው። የከተማው ቡድን ሬድ ሶክስ በ1918 ወርልድ ሲሪስን አሸነፈ፤ ባለቤቱ ሃሪ ፍሬዚ ቤብ ሩዝን በ1919 መጨረሻ በ100,000 ዶላር ለያንኪስ ሸጠው። ከዚያ ቡድኑ ወደቀ፤ ከ1922 እስከ 1932 ባሉት አሥራ አንድ ዓመታት ዘጠኝ ጊዜ የመጨረሻ ወጣ። በ1946፣ በ1967፣ በ1975 እና በ1986 ወርልድ ሲሪስ ደርሶ አራቱንም በሰባተኛው ጨዋታ ተሸነፈ። በ1978 ጁላይ ላይ ያንኪስን በ14 ጨዋታ ሲመራ ቆይቶ መሪነቱን ተነጠቀ። በ1986 ኦክቶበር 25 ለድል አንድ ኳስ ብቻ ቀርቶት እያለ ጨዋታው ከእጁ አመለጠ፤ ተንከባላይ ኳስ በቢል በክነር እግሮች መሐል አለፈ። ዛሬ ይህን ሁሉ የሚያያይዘው "የቤብ ሩዝ እርግማን" የሚባለው ታሪክ ነው፤ ሩዝ ስለተሸጠ ቦስተን መቼም አያሸንፍም የሚል። ብዙ ሰው ይህ አባባል ከ1920 ጀምሮ የኖረ ይመስለዋል። ነገር ግን እርግማኑ የተስፋፋው ከ1986ቱ ሽንፈት በኋላ በጋዜጣ አምድ፣ ይበልጡን ደግሞ የቦስተኑ ጋዜጠኛ ዳን ሾንሲ በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። የ1920ዎቹ የቦስተን ሰው ቡድኑ ለምን እንደሚሸነፍ ሲጠየቅ ገንዘብ ስለሌለው ይል ነበር፤ እውነቱም ያ ነው። ስለዚህ የቦስተን የጨለመ ግምት ጥንታዊ ነገር አልነበረም፤ ትኩስ ቁስል የነበረው ትውልድ ስልሳ ስድስት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ለቁስሉ ምክንያት ፈለገ፣ ያንንም ምክንያት በየዓመቱ ኤፕሪል ወደ ፊት ይተነብየው ጀመር።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፦ ግምቱ ትዝታ ነው ካልክ፣ ትዝታው ራሱ የተፈበረከ ሲሆን ምን ዋጋ አለው? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቀላል መልስም የለውም። እርግማኑ አንድ እውነተኛ ምክንያት ሸፍኗል። በ1945 ኤፕሪል ጃኪ ሮቢንሰን በቦስተን ፌንዌይ ፓርክ ለሙከራ ቀርቦ ነበር፤ ሬድ ሶክስ አልወሰዱትም። ሮቢንሰን ከሁለት ዓመት በኋላ በብሩክሊን ታሪክ ሠራ፤ ሬድ ሶክስ ግን ፓምፕሲ ግሪንን እስካሰለፉበት እስከ 1959 ድረስ አንድም ጥቁር ተጫዋች አላሰለፉም፤ ከሁሉም ቡድኖች የመጨረሻ ናቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎበዝ ተጫዋቾችን በቆዳቸው ቀለም ምክንያት የገፋ ቡድን ሽንፈቱን ከሞተ ሰው እርግማን ጋር ሲያያይዘው የራሱን እጅ ይታጠባል። ይህ የሚያሳዝን ነገር ነው፤ በቀላሉ መታለፍ የለበትም። ነገር ግን የእኔን ክርክር አያፈርሰውም፣ ያጠነክረዋል። ሰነድ ዋጋ የሚያጣው ሲዋሽ አይደለም፤ ምን ሊደብቅ እንደፈለገ ካወቅን ከእውነተኛው ሰነድ እኩል ይናገራል። ቦስተን በ1990ዎቹ በየኤፕሪሉ ያወራው ስለ ሩዝ ነበር፤ ያላወራው ስለ 1945 ነበር። በ2004 ሬድ ሶክስ በያንኪስ ሦስት ለዜሮ ከተመሩ በኋላ አራት ተከታታይ ጨዋታ አሸንፈው፣ ቀጥሎም ሴንት ሉዊስን ጠርገው 86 ዓመት የጠበቁትን ዋንጫ ሲያገኙ ያ የጨለመ ግምት በአንድ ክረምት ጠፋ። የተጫዋቾቹ አቅም በአንድ ክረምት ያን ያህል አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚታወሰው ነገር ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከሒሳብ በኩል የሚመጣ ነው፤ ዛሬ ግምት ሳይንስ ሆኗል፣ የደጋፊው ወሬ ዘመኑ አልፎበታል የሚል። የዚህ መነሻ ቢል ጄምስ ነው። ጄምስ በካንሳስ ሎረንስ ከተማ በአንድ የቆርቆሮ ምግብ ፋብሪካ የሌሊት ጥበቃ ሆኖ ሲሠራ ቁጥር ያሰላ ነበር፤ በ1977 ራሱ ያሳተመው የመጀመሪያ ጥራዝ ሰባ አምስት ያህል ቅጂ ብቻ ተሸጠ። ያመጣው ቀመር ግን ዛሬም ይሠራል፦ ቡድኑ ያስቆጠረውን ነጥብ በራሱ አባዛ፤ የተቆጠረበትንም በራሱ አባዛ፤ የመጀመሪያውን ለሁለቱ ድምር አካፍል። የሚመጣው ቁጥር ቡድኑ ከጨዋታዎቹ ምን ያህሉን ማሸነፍ ይገባው እንደነበር ይነግርሃል። ባልቲሞር በ2012 712 ነጥብ አስቆጥሮ 705 ተቆጠረበት፤ በቀመሩ 82 ጊዜ ማሸነፍ ነበረበት፣ ያሸነፈው ግን 93 ጊዜ ነው። አብዛኛውን በአንድ ነጥብ ልዩነት የሚያልቅ ጨዋታ እየበላ ነው። ደጋፊው ተአምር ነው ሲል ቀመሩ ዕድል ነው አለ፤ በ2013 ባልቲሞር ወደ 85 ወረደ። ጄምስን ያልሰማ ሰው ብዙ ሊሳሳት እንደሚችል 1987 ያሳያል፤ ስፖርትስ ኢለስትሬትድ መጽሔት ክሊቭላንድ የአሜሪካን ሊግ ምርጥ ቡድን ነው ብሎ ሽፋኑ ላይ አወጣ፣ ክሊቭላንድም በዚያው ዓመት 101 ጊዜ ተሸነፈ።

ሳይንሱን አከብራለሁ፤ ወሰኑን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ሙሉ በሙሉ እኩል የሆኑ ቡድኖች 162 ጨዋታ ቢጫወቱ እንኳ በዕድል ብቻ ከሦስቱ አንዱ ገደማ ከ81 ድል ከስድስት ጨዋታ በላይ ይርቃል። ስለዚህ ስለ ተጫዋቾቹ ሁሉን ያወቀ ሰው ቢኖርም መሳቱ አይቀርም። ኔት ሲልቨር የሠራውና በ2003 ለአንባቢ የቀረበው ፔኮታ የተባለው ስሌት እያንዳንዱን ተጫዋች ካለፉት ዘመናት ተመሳሳዮቹ ጋር እያነጻጸረ ይተነብያል። በ2015 ካንሳስ ሲቲ 72 ጊዜ ያሸንፋል አለ፤ ቡድኑ 95 ጊዜ አሸንፎ ወርልድ ሲሪስን በላ። የካንሳስ ሲቲ ሰው ያምና በሰባተኛው ጨዋታ የተነጠቀውን አስታውሶ ዘንድሮ የእኛ ነው ይል ነበር፤ በዚያ ዓመት እሱ ሰመረለት። ከዚህ ተነሥቼ ደጋፊው ከስሌት ይበልጣል አልልም፤ በአንድ ዓመት ምንም አይረጋገጥም። የምለው ስሌቱም ቢሆን ያለፈውን እንደሚያነብ ነው። ልዩነቱ ስሌቱ የሁሉንም ተጫዋች ታሪክ እኩል ሲያነብ ደጋፊው የሚያነበው የከተማውን ብቻ መሆኑ ነው። ሁለቱ የተለያየ ጥያቄ ስለሚመልሱ አንዱ ሌላውን አላጠፋም። ውርርድስ? ቁማር ከቤዝቦል ጋር አብሮ ያደገ ነው፤ በ1919 ስምንት የቺካጎ ተጫዋቾች ከቁማርተኞች ጋር ተመሳጥረው ተቀጥተዋል፤ ከ2018ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህም በብዙ ግዛቶች ሕጋዊ ሆኗል። ቁማርተኛ ግን ዋጋው ሲለወጥ ሐሳቡን ይለውጣል። ደጋፊ አይለውጥም፤ ይህ ብቻ ሁለቱን ለመለየት በቂ ነው።

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ዋሽንግተን ይህን ሁሉ በአጭር ዘመን አሳይታለች። የድሮው ቡድን ሴናተርስ በ1924 አንድ ጊዜ ወርልድ ሲሪስን ከማሸነፉ በቀር ከተማዋ በጦርነትም በሰላምም አንደኛ፣ በአሜሪካን ሊግ ግን መጨረሻ ናት እየተባለ ይቀለድባት ነበር። ያ ቡድን ከ1960 በኋላ ወደ ሚኒሶታ ሄደ፤ የተተካውም በ1971 ወደ ቴክሳስ ሲሄድ በመጨረሻው ጨዋታ ደጋፊው ሜዳውን ወረረ፣ ዋሽንግተን 7 ለ 5 እየመራ ጨዋታው በፎርፌ ለያንኪስ ተሰጠ። ከዚያ 33 ዓመት ያለ ቡድን አለፈ። ከሞንትሪያል የመጣው ናሽናልስ በ2005 ሲጀምር ደጋፊው የሚያስታውሰው የራሱ ነገር አልነበረውም፤ ግምቱም ፈዛዛ ነበር። ከ2012 በኋላ ግን ትዝታ በፍጥነት ተከማቸ፤ በዚያ ዓመት 98 ጊዜ አሸንፎ፣ በወሳኙ ጨዋታ 6 ለ 0 ከመራ በኋላ በሴንት ሉዊስ 9 ለ 7 ተሸነፈ። በ2014፣ በ2016፣ በ2017ም በመጀመሪያው ምዕራፍ ተባረረ። በ2019 ሜይ ላይ 19 አሸንፎ 31 ሲሸነፍ ሰዉ ዓመቱን ዘጋው፤ ቢያገግም እንኳ በመጀመሪያው ምዕራፍ እንወድቃለን የሚለው ግምት የማይነቃነቅ ነበር። ቡድኑ አገገመ፣ ሂዩስተንን በሰው ሜዳ አራት ጊዜ አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ከ2020 ወዲህ እስከ 2025 ድረስ በየዓመቱ ካሸነፈው የተሸነፈው በልጧል፤ ሁዋን ሶቶም በ2022 በተጫዋቾች ልውውጥ ሄደ። ውጤቱ ከ2012 እስከ 2017 ከነበረው እጅግ የከፋ ነው፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ እንወድቃለን የሚለው የድሮ ትንቢት ግን ከ2019 በኋላ ተመልሶ አልመጣም።